ማስመሪያና የጆሮ ጌጥ

ሰሞኑን በወጣቶች ኅብረታችን አንድ የቆየ ፊልም አየን። ኤችቢኦ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቴሌቪዥን የሠራው ነው። ስሙ ትንፋሽ ያስጨርሳል፦ «ዘ ፖዚቲቭሊ ትሩ አድቬንቸርስ ኦፍ ዚ አሌጅድ ቴክሳስ ቺርሊደር መርደሪንግ ማም»። ዳይሬክተሩ ማይክል ሪቺ፣ ደራሲዋ ጄን አንደርሰን ናት።

ታሪኩ የሆነ ነገር ነው። ቴክሳስ ውስጥ ቻነልቪው በሚባል ስፍራ ዋንዳ ሃሎዌይ የምትባል እናት ነበረች። ልጇ ቺርሊደር እንድትሆን ትመኛለች፤ በሜዳ ዳር ቡድናቸውን በዜማና በአክሮባት ከሚያበረታቱት ልጃገረዶች አንዷ ማለት ነው። የጎረቤት ልጅ ግን እየቀደመቻት አስቸገረች። በ1991 ዋንዳ የቀድሞ ባሏን ወንድም ነፍሰ ገዳይ እንዲፈልግላት ጠየቀችው። ያሰበችው የልጅቷን እናት ማስገደል ነበር፤ ልጅቷ በሐዘን ተሰብራ ለውድድሩ አቅም እንዳይኖራት። ሰውየው ለፖሊስ ነገረና ንግግራቸው ተቀዳ። ለእናትየው ብቻ 2,500 ዶላር፣ ለእናትና ልጅ 7,500 ዶላር ተባለ። ዋንዳ ለቀብድ የአልማዝ የጆሮ ጌጧን ሰጠች። መጀመሪያ 15 ዓመት ተፈረደባት፤ ከጁሪው አባላት አንዱ ለዚያ ወንበር ብቁ ስላልነበረ ፍርዱ ተሻረ። በ1996 ደግሞ 10 ዓመት ተፈርዶባት፣ ስድስት ወር ያህል ታስራ በአመክሮ ወጣች።

ይህች ሴት የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ነበረች። ይህን ስንሰማ ክፍሉ ጸጥ አለ።

ፊልሙ ነገሩን በቀልድ ነው የሚተርከው። ገጸ ባሕርያቱ እንደ ቃለ መጠይቅ ካሜራ ፊት ተቀምጠው እያንዳንዱ የራሱን «እውነት» ያወራል፤ ታሪኩን ለመግዛት የሚሻሙት የቴሌቪዥን ሰዎችም አይቀርላቸውም። ዋንዳን የምትጫወተው ሆሊ ሃንተር ጭራቅ አልሠራችም። ያን ሁሉ ክፉ ንግግር የሽንኩርት ዋጋ እንደምትከራከር ሴት እየተጣደፈች ትናገረዋለች። በዚህ ሥራዋ የኤሚ ሽልማት ማግኘቷ አይገርምም።

እኔን የያዘኝ ግን ግድያው ሳይሆን ማስመሪያው ነው። ከዚያ ቀደም ሲል ዋንዳ የልጇ ስም የታተመበት ማስመሪያ አሠርታ ለተማሪዎች እንዲታደል አድርጋ ነበር፤ ይህ ከደንብ ውጭ ስለሆነ ልጅቷ ከውድድሩ ተሰረዘች። እናት አጠፋች፣ ልጅ ተቀጣች። የዘብዴዎስ ልጆች እናትም ለልጆቿ የቀኝና የግራ ወንበር ልትለምን መጥታ የለም? ዐሥሩ ሐዋርያት የተቆጡት በእናቲቱ ላይ አይደለም፤ በሁለቱ ወንድማማች ላይ ነው።

ማስመሪያ እኛም ጋ አለ። አንድ ዓመት ለገና ድራማ ማርያምን ማን ትሁን በሚል ሁለት እናቶች ተኳርፈው እስከ ፋሲካ ሰላምታ አልተለዋወጡም። አስተማሪያችን መጨረሻ ላይ ሁለቱንም ልጆች መላእክት አደረገቻቸው። (ማርያም የሆነችው እህቴ ነበረች፤ እናቴ ምንም አላለችም፣ ግን በጣም ደስ ብሏት ነበር።)

የፊልሙ ድካም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሳቁ በዝቶ ሰዎቹን ያርቅብናል። የቴክሳስ አነጋገራቸው፣ ልብሳቸው፣ ጸጉራቸው ሁሉ መሳቂያ ሲሆን ተመልካቹ «እነዚህማ ሌሎች ናቸው» ብሎ ተመችቶት ይቀመጣል። ልጅቷም ቢሆን የምትጣላላት እናት አላት እንጂ የራሷ ድምፅ እምብዛም የላትም። ቺርሊደርነቱን እርሷ ምን ያህል ፈልጋው ነበር? ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው ጊዜ ለቴሌቪዥን ሰዎች ግርግር ከተሰጠው በጣም ያንሳል።

ይህን የምለው ሪቺ ከዚህ የተሻለ መሥራት እንደሚችል ስለማውቅ ነው። በ1976 በሠራው «ዘ ባድ ኒውስ ቤርስ» በተባለው የልጆች ቤዝቦል ፊልም (ስድብ ይበዛበታል፣ ለኅብረት አይሆንም) አንድ አሠልጣኝ ኳስ ወርዋሪ የሆነውን የገዛ ልጁን በሰው ሁሉ ፊት በጥፊ ይመታዋል። ልጁ አይመልስም፣ አያለቅስም። ቀጥሎ ኳሷ ተመትታ እጁ ስትገባ ጨብጧት ዝም ብሎ ይቆማል። የቡድን ጓደኞቹ ወርውር እያሉ ይጮሁበታል፤ ተቃራኒው ልጅ ሜዳውን ዞሮ ነጥቡን ያስቆጥራል። ከዚያ ልጁ ወደ አባቱ ሄዶ ኳሷን እግሩ ሥር ይጥላትና ከእናቱ ጋር ሜዳውን ለቆ ይወጣል። ጥቂት ደቂቃ ናት፤ ማንም አይሞትባትም። የዋንዳን ፊልም ሙሉውን ስመለከት የጠበቅኩት እንዲህ ያለ አንድ ትዕይንት ነበር።

መብራቱ ሲበራ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ «ከዚያ በኋላ ሁለቱ ልጆች እንዴት በአንድ ትምህርት ቤት ተማሩ?» ብላ ጠየቀች። ማንም አልመለሰላትም፤ ወንበር መሰብሰብ ጀመርን።