ጨረራና የፖሊመር ጄል፦ «ያፈርሳል» የሚለው ትምህርት ሲመረመር

ስለ አዮናይዝ አድራጊ ጨረራ በክፍል ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት «ጨረራ ያፈርሳል» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር የተጠቃለለ እንደሆነ ለጥንቃቄ መጥቀሙ አይካድም። ዳሩ ግን ጨረራው ያረፈበትን ነገር ዓይነትና ሁኔታ ሳይጠቅስ ስለሚያልፍ፣ የተማሪውን ጥያቄ ገና ከጅምሩ ይዘጋል። ጉድለቱም በፖሊመር ጄል ላይ ጎልቶ ይታያል።

ፖሊመር ረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቶቹ እንደ መረብ ተያይዘው ፈሳሽ ሲይዙ ጄል ይሆናሉ። ጨረራ ሰንሰለትን ሊበጥስም፣ አንዱን ከሌላው ሊያያይዝም ይችላል። አርተር ቻርለስቢ እ.ኤ.አ. በ1952 ፖሊኤቲሊን በጨረራ እንደሚያያዝ አሳይቷል። በአንጻሩ ፖሊሜቲል ሜታክሪሌት የተባለው እንደ መስታወት የጠራ ፕላስቲክ በጨረራ ይቆራረጣል።

ይህ ልዩነት በሕክምና ላይ ውሏል። እ.ኤ.አ. በ1993 ማሪያንስኪና ባልደረቦቹ ከአጋሮዝና ከአክሪላማይድ የተዘጋጀ የጨረራ መለኪያ ጄል አቀረቡ። የጄሉ አብዛኛው ክፍል ውሃ ነው። ጨረራው ውሃውን ሲሰነጥቅ ራዲካል የሚባሉ ፈጥነው የሚዋሐዱ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ፤ እነርሱም አክሪላማይዱን ወደ ፖሊመርነት ይለውጡታል። የለውጡ መጠን ጄሉ ከተቀበለው ጨረራ ጋር ስለሚያድግ፣ በኤም አር አይ መሣሪያ ሲነበብ ለካንሰር ሕክምና የታቀደው ጨረራ በየትኛው ሥፍራ ምን ያህል እንዳረፈ ያመለክታል።

ይሁን እንጂ ዘዴው እንከን አልባ አይደለም። ኦክስጅን ከገባበት ራዲካሎቹን ስለሚይዛቸው ለውጡ ይገታል፤ ልኬቱም ይዛባል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2001 አስኮርቢክ አሲድና የመዳብ ሰልፌት በመጨመር ኦክስጅኑን የሚያስወግድ፣ በተራ አየር ውስጥ ሊዘጋጅ የሚችል ሌላ ጄል ቀረበ። ጨረራው ያው ሆኖ ሳለ ውጤቱን የለወጠው ሁኔታው ነው።

ይህን ማስተማር ጥንቃቄን ያላላል የሚል ሥጋት ይነሣ ይሆናል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የሰው አካልም አብዛኛው ውሃ በመሆኑ፣ ጄሉን የሚያጠነክሩት ዓይነት ራዲካሎች በሕዋስ ውስጥ ሲፈጠሩ ጉዳት ያደርሳሉ። ምክንያቱን የተረዳ ተማሪ ከሸመደደው ይልቅ ይጠነቀቃል። በመሆኑም የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም ሆኑ መምህራን፣ «ያፈርሳል» ከሚለው መደምደሚያ አስቀድመው «ምንን? በምን ያህል መጠን? በምን ሁኔታ?» የሚሉትን ጥያቄዎች ሊያስቀምጡ ይገባል።