በድሬዳዋ የሕዝብ ተሳትፎ አጀማመር፤ ከዐዋጅ ነውን ወይስ ከዕድር?

የከተሞቻችን ሕዝብ በአስተዳደር ጉዳይ መካፈል የጀመረበት ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ መነሻ የሚደረገው ዐዋጅ ነው። ስለ ሠራተኛ ማኅበር የሚጽፈው ከ1954 እና ከ1956 ዓ.ም ሕጎች ይነሣል፤ ስለ ቀበሌ የሚጽፈውም የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ለመንግሥት ካደረገው ከ1967ቱ ዐዋጅ ቁጥር 47 ይጀምራል። እኛ ግን በድሬዳዋ ምሳሌነት የዚህን አቈጣጠር ጉድለት ለመመርመር እንወዳለን።

ድሬዳዋ ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም ሲደርስ የተቈረቈረች ከተማ ናት። ከደቻቱ ወንዝ በአንዱ ወገን በቀጥተኛ መንገዶች የታቀደው ከዚራ፣ በሌላው ወገን መጋላ ይገኛል። ባቡሩና ንግዱ ኦሮሞውን፣ ሶማሌውን፣ ዐማራውን፣ ሐረሪውን፣ ጉራጌውንና ዐረቡን በአንድ ስፍራ ሰበሰበ። ከዘመዱ ርቆ የመጣ ሰው ሲታመም ጠያቂ፣ ሲሞት ቀባሪ ያስፈልገዋልና ዕድርና አፎሻ የኑሮው ምሰሶ ሆኑ።

እነዚህ ማኅበራት ለቀብር ብቻ የቆሙ ናቸው የሚለውን አስተያየት አንቀበልም። የዕድር አባል ስሙን ያስመዘግባል፤ በየወሩ መዋጮ ይከፍላል፤ ዳኛውን፣ ጸሓፊውንና ገንዘብ ያዡን ይመርጣል፤ ከቀብር ቢቀር ይቀጣል። ሒሳቡ በጉባኤ ፊት ይሰማል፤ ያጠፋ ሹም ይሻራል። ከንቲባው ከላይ በሚሾምበት ዘመን ተራው ሰው መምረጥንና መቈጣጠርን የተማረው በዕድሩ ድንኳን ሥር ነበር። ስለዚህ በ1955 ዓ.ም የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ሲቋቋም መዋጮና ስብሰባ ለሠራተኛው እንግዳ ነገር አልነበሩም። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ሕጉ ከመውጣቱ አስቀድሞ በመረዳጃ ስም መሰባሰባቸው ለዚህ አንድ ምስክር ነው።

ይሁን እንጂ ዕድርን ከመጠን በላይ ማመስገንም ስሕተት ነው። ብዙው ዕድርና አፎሻ በሃይማኖት፣ በሰፈር ወይም በትውልድ የተከለለ ነው፤ ሰው የራሱን ወገን ማመን ይማርበታል እንጂ ደቻቱን ተሻግሮ የማያውቀውን ጎረቤት ማመን አይማርበትም። ይህን ሁለተኛ ትምህርት ሊሰጥ የቻለው የሥራ ቦታ ነው፤ የተለያየ ዕድር ያላቸው ሰዎች በአንድ አለቃ ሥር፣ ለአንድ ደመወዝ ሲከራከሩ የጋራ ጉዳይ ምን እንደ ሆነ ያያሉና።

ቀበሌ ይህን የጋራ ጉዳይ ወደ ሰፈር ያመጣል ተብሎ ነበር። በእርግጥም ለነዋሪው ጽሕፈት ቤትና የፍርድ ሸንጎ ሰጠው። ነገር ግን በደርግ ዘመን ቀበሌው የመንግሥት ክንድ በሆነ ጊዜ ስብሰባ መገኘት ግዴታ፣ መናገርም አደጋ ሆነ። በዕድር የቀረ ሰው የሚቀጣው ራሱ ባጸደቀው ደንብ ነው፤ በቀበሌ ግን የሚፈራው ያላወጣውን ትእዛዝ ነበር። ልዩነቱ ታላቅ ነው።

ከዚያም በኋላ ችግሩ በሌላ መልክ ታየ። ድሬዳዋ በ1996 ዓ.ም በዐዋጅ ቁጥር 416 ቻርተር ብታገኝም፣ ሥልጣን 40 ለኦሮሞ፣ 40 ለሶማሌ፣ 20 ለሌሎች በሚል ቀመር ሲደለደል ቈይቷል። የቀመሩ ደጋፊዎች ሰላምን ለመጠበቅ ነው ይላሉ፤ ምክንያቱም የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ድርሻው ከድምፁ በፊት ከታወቀ መራጩ ምን ይመርጣል? በጥር 2011 ዓ.ም በከተማዋ የተቃውሞ ሰልፍ ሲደረግ ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነበር።

እንግዲህ ተሳትፎን በዐዋጅ ብዛት ወይም በተሰብሳቢ ቍጥር መለካት አይበቃም። መለኪያው የተሰበሰበው ሰው ሹሙን ሒሳብ ሊጠይቀውና ሊሽረው መቻሉ ነው። የዕድሩ ድንኳን ይህን ያሟላል፤ ዐዋጆቹ ሁልጊዜ አላሟሉም። ለጥናት የሚወጡ ባልንጀሮቻችን ከነጋሪት ጋዜጣ አስቀድመው የዕድርና የአፎሻ መዝገቦችን እንዲፈልጉ እናሳስባለን፤ መዝገቦቹ ያረጃሉ፣ የሚያስረዱ ሽማግሌዎችም ያልፋሉና።