አንድ ተዋናይ፣ አንድ ገጸ ባሕርይ
ስለ ዊልያም ሮች የተዋናይነት ሥራ የቀረበ ሂስ

አንድ ተዋናይ ከወጣትነቱ እስከ እርጅናው ድረስ አንድ ሰው ብቻ ሆኖ ቢጫወት፣ ሥራውን ኪነ ጥበብ እንለዋለን ወይስ ልማድ? በእንግሊዝ አገር ስለ ቴሌቪዥን ድራማ የሚነጋገሩ ሰዎች ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንሥተውታል፤ የብዙዎቹም መልስ «ልማድ ነው» የሚል ነው። በእነርሱ አስተያየት ታላቅ ተዋናይ ማለት ዛሬ ንጉሥ፣ ነገ ለማኝ፣ ከነገ ወዲያ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ለመታየት የሚችል ነው እንጂ፣ በየሳምንቱ ያንኑ ሹራብ ለብሶ ያንኑ በር የሚከፍት ሰው አይደለም። እኛም ይህን ጉዳይ ለመመርመር ስንነሣ ከዚሁ ሐሳብ ወገን ነበርን። ሆኖም የዊልያም ሮችን ሥራ ጠጋ ብለን ከተመለከትነው በኋላ አስተያየታችንን በከፊል ለመለወጥ ተገደናል። በምን ምክንያት እንደ ተለወጠና በየትኛው በኩል እንዳልተለወጠ እንደሚከተለው እናስረዳለን።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት ሦስት ማሳሰቢያዎች እናስቀድማለን። አንደኛ፣ «ሶፕ ኦፔራ» የሚለው ስም ከአሜሪካ ራዲዮ የመጣ ነው። በ1930ዎቹ ዓመታት የቤት እመቤቶች ለሚያዳምጧቸው ተከታታይ ታሪኮች ወጪውን የሚችሉት የሳሙና ነጋዴዎች ስለ ነበሩ፣ ነገሩ በፌዝ «የሳሙና ኦፔራ» ተባለ። ፌዙም እስከ ዛሬ ድረስ ከስሙ አልተለየም። ሁለተኛ፣ በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ሦስተኛ፣ ተዋናዩን ሚስተር ሮችን በአንቱታ፣ የሚጫወቱትን ገጸ ባሕርይ ኬን ባርሎውን ግን በአንተታ እንጠራለን። ይህን ማድረጋችን ለአክብሮት ብቻ አይደለም፤ ሁለቱን ሰዎች አለያይቶ ማየት የዚህ ሂስ ዋና ጉዳይ ስለ ሆነ ነው።

ዊልያም ሮች በ1932 በኖቲንግሃም አጠገብ ተወለዱ። አባታቸው ሐኪም ነበሩ። በዌልስ በሚገኘው በራይደል ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ ወደ ጦር ሠራዊት ገብተው በጃማይካ፣ በጀርመንና በዐረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች አገለገሉ፤ የሻምበልነት ማዕረግም አገኙ። በሞርታር ልምምድ ላይ በደረሰ አደጋ የመስማት ኃይላቸው ተጎድቷል። ከወታደርነት ሲወጡ ወደ ተዋናይነት ሥራ ገቡና በፊልም ጥቃቅን ቦታዎችን እየተጫወቱ ጥቂት ዓመታት አሳለፉ። በመጨረሻም ማንቸስተር የሚገኘው የግራናዳ ቴሌቪዥን ኩባንያ «ኮሮኔሽን ስትሪት» በተባለው አዲስ ድራማ ውስጥ የኬን ባርሎውን ቦታ ሰጣቸው። የድራማው ፈጣሪ ቶኒ ዋረን በዚያን ጊዜ ገና የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነበር። ድራማው መጀመሪያ የታቀደው ለ13 ክፍሎች ብቻ ስለ ነበረ ማንም ዕድሜ ልክ እቆይበታለሁ ብሎ የገባ አልነበረም።

የመጀመሪያው ክፍል በታኅሣሥ 9 ቀን 1960 በቀጥታ ተላለፈ። ቦታው ዌዘርፊልድ የሚባል በምናብ የተፈጠረ ከተማ ሲሆን፣ ለእርሱ አርአያ የሆነው ማንቸስተርን ተጎራብቶ የሚገኘው የሳልፎርድ ሠራተኞች ሰፈር ነው። ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው የተሠሩ ናቸው፤ በመንገዱ ጫፍ አንድ መጠጥ ቤት አለ። ኬን ባርሎው ከዚህ መንገድ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ የገባ ወጣት ነው። አባቱ ፍራንክ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነው፤ እናቱ አይዳ በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ በጽዳት ሥራ ትደክማለች።

ይህ የመጀመሪያ ክፍል በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል። ቤተ ሰቡ ለራት ተቀምጧል። በገበታው ላይ የሶስ ጠርሙስ ቆሟል፤ አባትየው ከጠርሙሱ እያንቆረቆረ ይበላል፤ ሻይም ከምግቡ ጋር ይጠጣል። ኬን ምንም አይናገርም፤ ነገር ግን ፊቱ ይናገራል። አባቱም ይህን ፊት አይቶ ይቆጣል። ቀጥሎም ኬን ሱዛን ከምትባል የዩኒቨርሲቲ ጓደኛው ጋር ለመገናኘት የተቀጣጠረበት ሆቴል እናቱ የምትሠራበት ሆቴል መሆኑ ይታወቃል። አባትየውም እናት ወጥ ቤት ስትለፋ ልጅ በዚያው ቤት ገንዘብ አይበትንም ብሎ ይከለክላል። በመጨረሻ ሱዛን ራስዋ ወደ ቤት ስትመጣ፣ አባትና ታናሽ ወንድሙ ዴቪድ በሳሎኑ ወለል ላይ ብስክሌት ዘርግተው ጎማ ሲጠግኑ ታገኛቸዋለች። ኬን በዚያች ቅጽበት መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይወድ ነበር።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ሚስተር ሮች የሚናገሩት ቃል ጥቂት ነው። ሌላ ወጣት ተዋናይ ቢሆን ኩራትን በጩኸት ባሳየ ነበር። እርሳቸው ግን ዓይናቸውን ከጠርሙሱ ላይ አንሥተው ወደ ግድግዳ በማዞር ብቻ፣ የሚያፍር ልጅ በማፈሩ ደግሞ ሲያፍር አሳዩን። ነገሩ ድርብ ኀፍረት ነው። በትምህርት ምክንያት ከወላጆቹ ገበታ ጥቂት የራቀ ማንኛውም ተማሪ ይህን ፊት ያውቀዋል፤ በእንግሊዝ ብቻ የሚገኝ ፊት አይደለም።

አሁን ወደ ክሱ እንምጣ። ለብዙ ዓመታት በእንግሊዝ ጋዜጦች ዘንድ «ኬን ባርሎው አሰልቺ ነው» የሚለው ቃል እንደ ተረት ይደጋገም ነበር። በ1990 «ዘ ሰን» የተባለው ጋዜጣ ከዚህ አልፎ ተዋናዩ ራሳቸው እንደ ገጸ ባሕርዩ አሰልቺ እንደ ሆኑና ባልደረቦቻቸውም እንደሚጠሏቸው ጻፈ። ሚስተር ሮች በስም ማጥፋት ከሰሱ። በ1991 ጁሪው ፈርዶላቸው 50 ሺህ ፓውንድ ካሣ እንዲከፈላቸው ተወሰነ። ይሁን እንጂ ጋዜጣው ከችሎቱ በፊት ለዕርቅ ብሎ ያንኑ ያህል ገንዘብ በፍርድ ቤት አስቀምጦ ነበር። በአገሩ ሕግ መሠረት ከሳሹ ከቀረበለት ገንዘብ የበለጠ ካላገኘ ከዚያ በኋላ ያለው ወጪ በራሱ ላይ ስለሚወድቅ፣ የይግባኙ ፍርድ ቤት ወጪውን በእርሳቸው ላይ ጣለው። ከዚህ የተነሣ ረትተው ሳሉ ከሰሩ፤ በ1999ም በሕግ ኪሳራቸው ታወጀ።

ይህን ታሪክ ያመጣነው ለሐሜት አይደለም። ጋዜጣው የሠራው ስሕተት ብዙ ሐያስያን የሚሠሩትን ስሕተት ስለሚመስል ነው። ጋዜጣው አንቱ የሚባለውንና አንተ የሚባለውን አንድ አደረገ። አሰልቺ ሰው ሆኖ መጫወትና አሰልቺ ተዋናይ መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኬን መጻሕፍት የሚያነብ፣ ሲከራከር የሚረዝም፣ የራሱን ጽድቅ የሚወድ ሰው ተደርጎ ተጽፏል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጎረቤቶቹን የሚነቅፍ ጽሑፍ በማሳተሙ በመጠጥ ቤቱ ውስጥ በቡጢ ተመትቷል፤ በ1967ም የቬትናምን ጦርነት ተቃውሞ ለጥቂት ቀናት ታስሯል። እንዲህ ያለውን ሰው የሚያስወድድ አድርጎ መጫወት ቀላል በሆነ ነበር። ሚስተር ሮች ግን ተመልካቹ እንዲወደው አልለመኑም። ይህን እንደ ድክመት የቆጠሩ ሁሉ፣ ተዋናዩ ለገጸ ባሕርዩ የነበራቸውን ታማኝነት አላዩም።

በእኛ አስተያየት የሶፕ ኦፔራ ተዋናይ የሚመዘንበት ሚዛን ከመድረክ ተዋናይ ሚዛን ይለያል። የመድረክ ተዋናይ በሦስት ሰዓት ውስጥ የአንድን ሰው ሕይወት ጀምሮ ይጨርሳል፤ ፍጻሜውን አስቀድሞ ስለሚያውቅ መጀመሪያውን ለፍጻሜው ያዘጋጃል። የሶፕ ኦፔራ ተዋናይ ግን በሚመጣው ዓመት ምን እንደሚደርስበት አያውቅም። ስለዚህ መሣሪያው ዝግጅት ሳይሆን ትዝታ ነው። ዛሬ በሩን ሲከፍት በዚያው በር ከዚህ በፊት የገቡትንና የወጡትን ሁሉ ይዞ መክፈት አለበት። ይህ ችሎታ በአንድ ክፍል ውስጥ አይታይም፤ በዓመታት ብዛት ይታያል እንጂ። ሁለት ምሳሌዎች እናቅርብ።

የመጀመሪያው የ1971 ነው። ኬን በጃማይካ የመምህርነት ሥራ አግኝቶ ከሚስቱ ከቫለሪ ጋር ከመንገዱ ለዘለዓለም ሊወጣ ተነሥቷል። ለጉዞው በተዘጋጁበት ሰሞን ቫለሪ የጠጉር ማድረቂያዋን ስትሰካ ስፒናው የተበላሸ ስለ ነበረ ኮረንቲ ይዟት ሞተች። ምክንያቱ ተዋናይቱ አን ሪድ ሥራውን ለመልቀቅ በመፈለጋቸው ነበር፤ ደራሲዎቹ አንዷን ለማሰናበት ሲሉ ሁለተኛውን አሰሩት። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በኬን አካሄድ ውስጥ የሻንጣውን ዕቃ መልሶ ያወጣ ሰው ድካም ይታያል። በ1983 ሁለተኛው ጋብቻው ሳይሆን ሦስተኛዋ ሚስቱ ዲርድሪ ማይክ ቦልድዊን ከተባለ ነጋዴ ጋር ልትሄድ ባሰበች ጊዜ፣ በሩን በቦልድዊን ፊት ዘግቶ እስዋን በኃይል ሲይዛት ያየነው ቁጣ፣ ከዚህ የቆየ ድካም የወጣ ስለ ሆነ ያስደነግጣል። አገሩ ይህን ነገር እንዴት እንደ ተከታተለው ለማወቅ፣ በማንቸስተር ዩናይትድ ስታዲየም የጎል ማስታወቂያው ሰሌዳ ዲርድሪ ከባልዋ ጋር መታረቅዋን ለሕዝቡ እንዳበሠረ ማስታወስ ይበቃል።

ሁለተኛውና ዋናው ምሳሌ የ2010 ነው። በመጀመሪያው ክፍል ብስክሌቱን ያየችው ሱዛን፣ ኬን ሳያውቅ ሎውረንስ የሚባል ልጅ ወልዳለት ኖሯል። ልጁም ከሃምሳ ዓመት በኋላ ተገኘ። ይህን ሎውረንስ የተጫወተው የሚስተር ሮች የሥጋ ልጅ ተዋናዩ ላይነስ ሮች ነው፤ የሎውረንስን ልጅ የተጫወተውም ሌላው ልጃቸው ጄምስ ነው። ሎውረንስ በገዛ ልጁ አኗኗር የሚያፍርና ከቤቱ ያራቀው አባት ሆኖ ይገኛል። ኬንም ይህን ኀፍረት ተቃውሞ ይከራከረዋል። በ1960 በአባቱ ገበታ ያፈረው ወጣት፣ በ2010 ልጁ በልጁ እንዳያፍር የሚከራከር ሽማግሌ ሆነ። ተዋናዩ ግን ያው ናቸው፤ ፊታቸው ሳይቀባ ያረጀ ነው፤ ድምፃቸው ሳይማር የሻከረ ነው። የትኛውም የመድረክ ቴአትር ይህን ማድረግ አይችልም። በወንጌል የሚነገረው የጠፋው ልጅ ታሪክ ልጁ ከተመለሰ በኋላ ሃምሳ ዓመት በዚያ ቤት ሲኖር ምን እንደ ሆነ አይነግረንም፤ የሚስተር ሮች ሥራ ግን በዚህ በኩል ትንሽ መልስ ይሰጣል።

ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን ጉድለቱንም እንናገራለን። አንደኛ፣ ሚስተር ሮች ከ1960 ወዲህ ከዚህ ገጸ ባሕርይ ውጭ የተጫወቱት ጥቂት ስለ ሆነ፣ ሌላ ሰው ለመሆን ምን ያህል እንደሚችሉ ለመፍረድ ማስረጃ የለንም። የችሎታቸውን ጥልቀት አይተናል፤ ስፋቱን ግን አላየንም። ሁለተኛ፣ በብዙ ክፍሎች ጋዜጣ ይዞ ከመቀመጥና የሌሎችን ጠብ ከማየት በቀር ሥራ አልተሰጣቸውም፤ በእነዚህ ጊዜያት አጨዋወታቸው ከእርጋታ ወደ ድንዛዜ ያዘነብላል። ሦስተኛውና እጅግ የሚያሳዝነን ጉድለት የደራሲዎቹ ነው። ኬን መምህር ሆነ፤ የጋዜጣ አዘጋጅ ሆነ፤ ልብ ወለድ ሊጽፍ ሞከረ። ከዚህ ሁሉ ግን አንዱም ፍሬ እንዲያፈራ አልተፈቀደለትም። በመንገዱ ላይ የተማረው ሰው የጎረቤቶቹ መቀለጃ ሆኖ ቀረ። ድራማው የሠራተኛውን ኑሮ ማክበሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን አንዱን ለማክበር ሌላውን ማዋረድ አስፈላጊ አልነበረም። የተማረ ልጅ ወደ ሰፈሩ ቢመለስ ጥቅሙ ምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ ደራሲዎቹ አንሥተው በቀልድ አለፉት። ተዋናዩ ብቻ ጥያቄውን በፊታቸው ላይ ይዘውት ኖሩ።

በጥር 2015 ዲርድሪን የተጫወቱት አን ከርክብራይድ ዐረፉ። በድራማው ውስጥ የዲርድሪ ሞት የተነገረው በሐምሌ ወር፣ ለልደትዋ ግብዣ በተሰናዳበት ዕለት ነው። ኬን መርዶውን ከሌላ ሰው አፍ ሰምቶ ብዙ አይናገርም። እዚህ ላይ አንቱና አንተ ብለን የለየናቸው ሁለት ሰዎች ለጥቂት ጊዜ አንድ ሆኑ፤ ገጸ ባሕርዩ ሚስቱን፣ ተዋናዩ ለብዙ ዓመታት አብረዋቸው የሠሩትን ባልደረባቸውን ያለቅሳሉ። ጋዜጣው በ1990 በስሕተት ያደባለቀውን ነገር፣ ሚስተር ሮች በችሎታ አገናኙት።

በ2010 የዓለም ሪከርድ መዝገብ በሶፕ ኦፔራ ረዥም ዘመን ያገለገሉ ተዋናይ ብሎ መዘገባቸው። ዘጠና ዓመት በሞላቸው በ2022ም ኬን ባርሎውን በመጫወት ላይ ነበሩ። እኛ ግን ክብራቸውን በዓመቱ ቁጥር አንለካውም፤ ረዥም ጊዜ መቀመጥ ብቻውን ጥበብ አይደለም። ጥበቡ በዚያች የመጀመሪያ ምሽት ከሶስ ጠርሙሱ ዞር ያለውን ዓይን ሳይረሱ፣ ከዓመት ወደ ዓመት እያለዘቡ፣ በመጨረሻ ወደዚያው ገበታ በፍቅር መመለሳቸው ነው። ስለዚህ በመግቢያችን ላነሣነው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው፦ የዊልያም ሮች ሥራ ልማድ ነበረበት፤ ነገር ግን ኪነ ጥበብ ነው።