ቀሚሱን ማን ጻፈው?

ፊደል መልበስ ፋሽን ከሆነ ሰነበተ። ጫፉ ላይ «ሀ ሁ ሂ» የተደረደረበት የሀገር ልብስ፣ ደረቱ ላይ ትልቅ «ፀ» የተገተረበት ካናቴራ፣ ፊደል እንደ ጤፍ የተበተነበት ሻሽ፤ ሠርግ ቤት ብትሄዱ አለ፣ ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ሻንጣ ብትከፍቱ አለ። ደግ ነው። የራሳችንን ፊደል እኛ ካልለበስነው ማን ይልበስልን? ግን እስቲ ጠጋ ብላችሁ አንብቡት። አብዛኛው ምንም አይልም። ፊደሉ የተቀመጠው እንዲነበብ ሳይሆን «የኛ ነው» እንዲባል ብቻ ነው።

ፊደል መልበስማ የትናንት ነገር አይደለም። ክታብን አስታውሱ። ብራናው በባለቤቱ ቁመት ልክ ይለካል፤ አንድ ቆዳ ካልበቃ ሌላ ይቀጠልበታል፤ የክርስትና ስሙ ከጸሎቱ መሀል ይገባል፤ ከዚያ ተጠቅልሎ፣ በቆዳ ተሰፍቶ አንገት ላይ ይውላል። በልክ የተሠራ፣ በእጅ የተጻፈ፣ ከገላ የማይለይ ልብስ በሉት። ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ደግሞ የፊተኛው ስም ተፍቆ የአዲሱ ባለቤት ይጻፍበታል። ዛሬ የፋሽን ሰዎች «ዘላቂ አለባበስ» እያሉ ስብሰባ የሚቀመጡበትን ነገር ደብተራው በቢላዋ ፍቆ ጨርሶት ነበር። (አጋንንት ያርቃል አያርቅም የሚለውን ለባለሙያዎቹ እንተወው።)

የፊደል ነገር ከተነሳ ምሥራቅ ጎጃምን ማለፍ አይቻልም። ከቢቸና ወደ ሞጣ ሲወጡ ያለችው ደብረ ወርቅ፣ ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው አድባራት አንዷ ናት። የብራና መጽሐፍ በሚታወቅበት በዚያ ዓይነት ሀገር ፊደል መልኩን ያገኘው ከዕቃው ነው። ቆዳው ይወጠራል፣ ይፋቃል፤ በወስፌ ተበስቶ መስመር ይሰመርበታል፤ ብርዑ ከመቃ ይቀረጻል፤ ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ይበጠበጣል፣ ቀዩ ለቅዱሳን ስም ይቀመጣል። የ«ለ» እና የ«በ» እግር የወፈረው ሰው ተሰብስቦ ስለወሰነ አይደለም፤ የመቃው አፍ ወደ ታች ሲሳብ ስለሚያወፍር ነው። እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊት በግእዝ ሲታተም ፊደሉ ከመቃ ወጥቶ ወደ ብረት ገባ፤ ያኔም የብረቱን ጠባይ ያዘ።

እንግዲህ ፊደል ከብራና ወደ ሸማ ሲሻገር የሸማን ጠባይ መያዝ አለበት ማለት ነው። የኛ ቀሚስ ሠሪዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ሸማኔ ያለው ድርና ማግ ነው። አንዱ በቁመት፣ ሌላው በአግድም፤ ሰያፍ እንኳ የሚገኘው ደረጃ በደረጃ እየተረገጠ ነው። ጥበቡ መስቀል በመስቀል፣ ዓይነ ርግብ የመሰለ ሰያፍ ካሬ በካሬ የሚሆነው ለዚህ ነው። ክብ ነገር አይወድም። አሁን አንዱ ዲዛይነር «ዐ»ን ከኮምፒውተር ላይ አትሞ ይወስድና «ይቺን አስገባልኝ» ይላል። ሸማኔው ያስገባዋል፤ ወጥቶ ሲታይ ግን ጥርሱ የተሸራረፈ መጋዝ ይመስላል። ከዚያ ወቀሳው ለሸማኔው! ሰውየው እኮ ጠፍቶት አይደለም፤ የተሰጠው ለብርዕ የተሠራ ፊደል ነው።

የሚሻለው ፊደሉን ለመወርወሪያው ብሎ እንደገና መሣል ነው። «ተ» ድሮም መስቀል ነው፤ ጥበብ ላይ ሲኖር ኖሯል፣ ማንበብ ብቻ ነው የቀረን። «መ» ሁለት ካሬ ጎን ለጎን ቢሆን ማንም ያውቀዋል። ክቡን የግድ የፈለገ ጥልፍ አለለት፤ መርፌ እንደ ድር አይታሰርም። ፊደል መልኩን ቀየረ ብሎ የሚደነግጥ ካለ የወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍን ሥዕሎች ይይ። ወሰኔ ለብዙ አሥርት ዓመታት ፊደላችንን እየሰበረ፣ እየጎተተ፣ እያስጨፈረ ሥሎታል፤ ብዙውን ቃል ብሎ ማንበብ አይቻልም። ግን እያንዳንዱ ስብራት ቀለሙንና ሸራውን የሚያውቅ እጅ የሰበረው ነው። የማይነበብ ፊደል ሁሉ አንድ አይደለም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ በመኪና የታተመው «ጥበብ» ነው። ከሩቅ ሲያዩት ፈትል ይመስላል፤ ሲነኩት ልሙጥ። ርካሽ ስለሆነ የሚገዛውን ሰው አልወቅስም፤ ልጆቹን ለበዓል ማልበስ አለበት። ነገር ግን ፊደል በቀለም ማተም ለዚያ ማሽን የደቂቃ ሥራ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰዶ ለሚሸምነው ግን አንዲት መስመር ጥበብ ብዙ ድካም ናት። ፊደሉን እንደ ማተሚያው ከበተንነው ማተሚያው ያሸንፈዋል። የእጅ ሥራ የሚያሸንፈው ማሽኑ የማያውቀውን ነገር ሲይዝ ነው፤ ለምሳሌ የለባሹን ስም፣ እንደ ክታቡ።

የሠሪውንስ ስም? ቋንቋችን የቀሚሱን ጌጥም የአእምሮን ፍሬም «ጥበብ» ብሎ ሲጠራ፣ ጥበበኛውን ግን ቡዳ ሲለው ኖሯል። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከልክለዋል፤ ስድቡ ግን አዋጁን ሳይሰማ ብዙ ዘመን ቆየ። ዛሬ ስድቡ ቀዝቅዞ ዝምታ ተተክቷል። የዲዛይነሯ ስም አንገትጌው ላይ በሐር ተጽፏል፣ የሸማኔው የለም። የብራናው ጸሐፊ እንኳ፣ ያ ትሑት ሰው፣ መጽሐፉን ሲጨርስ ስሙን አስፍሮ አንባቢው እንዲጸልይለት ይለምን ነበር።

ለሚቀጥለው የፊደል ቀሚስ አንድ ትእዛዝ ልስጥ፦ «ሀ ሁ ሂ»ው ይቅርና የሸማኔው ስም ከጥበቡ ሥር ይግባ። እንዴት እንደሚገጥም እሱ ራሱ ያውቃል፤ ዲዛይነሯ ፊደሉን ከኮምፒውተር አትማ አትውሰድለት።