ኢሳጋኒ የወረወረው መብራት

ሆሴ ሪዛል በ1891 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን «ኤል ፊሊቡስተሪስሞ» የተሰኘ ልቦለድ መታሰቢያ ያደረገው ስፔን በ1872 ማኒላ፣ ባጉምባያን ሜዳ ላይ ለገደለቻቸው ሦስት ፊሊፒናውያን ካህናት ነው፤ ለጎሜዝ፣ ለቡርጎስና ለዛሞራ። ይህን ያየ አንባቢ የበቀል ታሪክ ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሲሙንም ፈንጂ የታጨቀ መብራት ሰርግ ቤት ያስገባል። ወጣቱ ኢሳጋኒ ግን መብራቱን አፈፍ አድርጎ ወንዝ ውስጥ ይወረውረዋል። ለምን? ሙሽራዋ የቀድሞ ፍቅረኛው ናታ!

ይሄ ለአንዳንዱ ልፍስፍስ አጨራረስ ሊመስለው ይችላል። ለእኔ ግን የመጽሐፉ ልብ እዚህ ጋ ነው፤ ሪዛል ለሰማዕታቱ እያለቀሰ እንኳ በስማቸው ሌላ ሰው እንዲገደል አልፈቀደም።

ታዲያ በ1896 ስፔን «ዓመፅ አነሳስተሃል» ብላ እዚያው ባጉምባያን ረሸነችው። ልቦለዱን እስከ መጨረሻው ቢያነቡት ኖሮ፣ መብራቱን የወረወረው እጅ የማን እንደሆነ ይገባቸው ነበር።