የጉዱ ካሳ ጭንቀትና የዘመናችን ሥጋት

ሰው በልቡ ሁለት ዓይነት ሸክም ይሸከማል። አንደኛው የገዛ ቤቱ ሸክም ነው፤ ይኸውም የልጅ ሕመም፥ የእህል ማነስ፥ የጎረቤት ጠብ ነው። ሁለተኛው የአገር ሸክም ነው። የመጀመሪያውን ሁሉም ያውቀዋልና ጎረቤት ይጠይቀዋል፥ ዘመድ ያጽናናዋል። ሁለተኛውን የተሸከመ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው፤ ቢናገር «ምን አገባህ?» ይሉታል፥ ዝም ቢል እንቅልፍ ያጣል። ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ሸክም ለመናገር አንድ የታወቀ መጽሐፍ ልመርምር አስቤአለሁ፤ እርሱም የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው።

መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታተመ። በዛብህ የተወለደባት ማንኩሳ በምዕራብ ጎጃም፥ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አካባቢ ትገኛለች። ደራሲው የጎጃም ተወላጅ ስለ ነበሩ የባላገሩን አነጋገር፥ የካህኑን ወግና የመኳንንቱን ኩራት ከውስጥ ያውቁት ነበር። ወጣቶች መጽሐፉን ሲያነሡ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሱት የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ነው። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከፍቅሩ የማያንስ ሌላ ቁም ነገር አለበት፤ እርሱም የአገር አገዛዝ በሰው አእምሮ ላይ የሚያሳድረው ጭንቀት ነው። ይህን ጭንቀት በሁለት ሰዎች፥ በጉዱ ካሳና በፊታውራሪ መሸሻ፥ እናየዋለን።

ካሳ የተማረና አስተዋይ ሰው ነው። በዘመኑ የነበረው ሥርዓት ባላገሩን እንዴት እንዳጎበጠው ያያል፤ የሚያየውም ነገር ያንገበግበዋል። ዝም ማለት ስለማይችል ይናገራል። በመናገሩም የተከፈለው ዋጋ «ጉዱ» የሚል ቅጽል ነው። እዚህ ላይ አንባቢው ልብ እንዲል እለምናለሁ። ይህ ቅጽል የሐኪም ምርመራ አይደለም፤ የሰፈር ፍርድ ነው። የሰውዬውን ነገር እውነት ነው ወይስ ሐሰት ብሎ ከመመርመር ይልቅ፥ «እርሱማ ጤነኛ አይደለም» ብሎ ማለፍ ይቀላልና ሰው የቀለለውን መረጠ።

ፊታውራሪ መሸሻ ደግሞ የካሳ ተቃራኒ ናቸው። እርሳቸውም ይሰጋሉ፤ የሚሰጉትም የዘር ክብራቸውና ሥልጣናቸው እንዳይነካ ነው። ነገር ግን ሥጋታቸውን ኩራት አልብሰውታልና ሰው ቀርቶ ራሳቸውም አያውቁትም። ባላገሮቹ የተጠየቁትን መዋጮ አንሰጥም ባሉ ጊዜ ጠርቶ እንደ መነጋገር ጦር ይዘው ተነሡ፤ ፍጻሜውም በነአበጀ በለው እጅ መማረክ ሆነ። እንግዲህ ደራሲው ሁለት ሰዎችን አሳዩን። ሥጋቱን የተናገረው እብድ ተባለ፤ ሥጋቱን የደበቀው ጌታ ተባለ። ጉዳት ያደረሰው የትኛው ነው ብንል ግን የደበቀው ነው። በእኔ አስተያየት መጽሐፉ ለወጣት አንባቢ ከሚሰጠው ትምህርት ዋነኛው ይህ ነው።

አንዳንድ ተቺዎች የካሳ ንግግር ረዝሞ ስብከት ይሆናል ይላሉ። እኔም በአንዳንድ ገጽ ላይ ደራሲው ካሳን ገለል አድርገው ራሳቸው የሚናገሩ መስሎ ይታየኛል። ይሁን እንጂ ነገሩን በሌላ በኩል ብናየው ርዝመቱ ራሱ እውነት አለው። የሚያደምጠው ያጣ ሰው አንድ ጆሮ ባገኘ ቀን ለዓመታት ያጠራቀመውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያፈሳል። በዛብህ ለካሳ እንዲህ ያለ ጆሮ ነበር። ጎደሎ ብዬ የምነቅፈው ሌላ ነው፤ መጽሐፉ ለካሳ ከዚያ ከአንድ ወጣት ጆሮ በቀር እምብዛም ማረፊያ አይሰጠውም፤ በዛብህ ሲሸሽ ካሳ ደግሞ ብቻውን ይቀራል።

ይህ ያለፈ ዘመን ታሪክ ነው የሚል ቢኖር፥ ከዚያው ከማንኩሳ ጎረቤት የሆነውን ይመልከት። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል በመንግሥት ሠራዊትና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ውጊያ ተነሣ፤ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ነሐሴ 7 ቀን በፍኖተ ሰላም ከተማ ላይ በደረሰ የአየር ድብደባ ከ20 የማያንሱ ሰዎች እንደ ሞቱ በዜና ተነገረ። የከተማዋ ስም «የሰላም መንገድ» ማለት ነው። ኢንተርኔት ተቋረጠ፥ መንገድ ተዘጋ፥ አያሌ ትምህርት ቤቶች ሥራ አቆሙ። በቀዬው ያለው ሰው የመኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር ይደነግጣል፤ አዲስ አበባና ውጭ አገር ያለው ወንድሙ ደግሞ ሌሊቱን ስልክ ሲደውል ያድራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው ግምት፥ በቅርብ ዓመታት ጦርነት ባለፈባቸው አገሮች ከ5 ሰዎች 1 ያህሉ የአእምሮ ጤና መታወክ ያገኘዋል።

እኛስ ለዚህ ሰው ምን እንለዋለን? «ቻለው»፥ «አታስበው»፥ «ወንድ ልጅ አይጨነቅም» እንለዋለን። ይህ አነጋገር «ጉዱ» ከማለት በምን ይለያል? ሁለቱም አፍን የሚዘጉ ናቸው። ቀድሞ ሰው በቡና ላይ፥ በሰንበቴና በእድር ተሰብስቦ ልቡን ያወጣ ነበር፤ ለንስሐ አባቱም ይነግር ነበር። እነዚህ ዛሬም ቢሆን የሚናቁ አይደሉም። ነገር ግን ጭንቀቱ ከፖለቲካ ሲመጣ አንድ ልዩ ችግር አለው፤ በቡናው ዙሪያ የተቀመጠው ሰው የየትኛው ወገን እንደሆነ ስለማይታወቅ እንግዳ በገባ ጊዜ ወሬው ወደ ዝናብና ወደ ጤፍ ዋጋ ይዞራል።

በዚህ ጊዜ ነው የሥነ ልቦና ምክር የሚባለው ሕክምና የሚያስፈልገው። ብዙ ሰው ይህን ሕክምና የእብድ ብቻ ነው ብሎ ይፈራዋል። በእውነቱ ግን ሥራው የበዛብህ ዓይነት ማድመጥ ሆኖ ሥርዓትና ዘዴ የተጨመረበት ነው። አድማጩ የሰማውን በምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በመከራ ውስጥ ላሉ ሰዎች ያዘጋጀው አንድ የምክር ዘዴ በ5 ቀጠሮ የሚፈጸም ነው፤ ሐኪም ያልሆነ ሰው እንኳ ሠልጥኖ ሊሰጠው ይችላል። በመጀመሪያ ቀስ ብሎ በመተንፈስ ሰውነትን ማረጋጋት ያስተምራል። ቀጥሎ ችግሮችን ሊፈቱ የሚችሉና የማይችሉ ብሎ ይለያል፤ የሚፈታውንም በጥቂት በጥቂቱ ያስጀምራል። ከዚያም የተወውን ሥራ እንዲቀጥል፥ የራቃቸውን ወዳጆች እንዲቀርብ ይረዳዋል። በዚምባብዌ ከ2006 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ የሠለጠኑ አያቶች በጤና ጣቢያ ደጅ በአግዳሚ ወንበር ተቀምጠው የተጨነቀን ሰው ያደምጣሉ። ሽማግሌ በሚከበርበት በእኛ አገር ይህ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም።

«ለተበደለ ሰው ምክር መስጠት በደሉን እንዲለምደው ማድረግ ነው» የሚሉ አሉ። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። መድፍ ሲጮህ የሚፈራ ሰው አልታመመም፤ ፍርሃቱ ምክንያት አለው። ፍርሃትህ ሐሰት ነው የሚል መካሪ ቢኖር ካሳን «ጉዱ» ካሉት ሰዎች አንዱ እርሱ ነው። እውነተኛው መካሪ ግን ፍርሃቱን አምኖ ይቀበልና ሰውዬው በፍርሃቱ እንዳይነዳ ያግዘዋል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ፍትሕን በቅጡ መጠየቅ አይችልም፤ ወይ ተስፋ ቆርጦ ይተኛል፥ ወይ እንደ ፊታውራሪ መሸሻ ያገኘውን አንሥቶ ይወጣል። ሐኪም የሚያክመው ሰውን ነው፤ ሥርዓትን ማከም የሕዝብና የመንግሥት ፋንታ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፥ ምክሬ አጭር ነው። ወሬ የምትሰሙበትን ሰዓት ወስኑ፤ በተለይ ከመኝታ በፊት አትስሙ። የምታምኑትን አንድ ሰው ምረጡና የሚያስጨንቃችሁን በግልጽ ንገሩት። እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት ከራቃችሁ፥ ወይም ሞትን መመኘት ከጀመራችሁ፥ ወደ ሆስፒታል ሂዱና የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጠይቁ፤ ጸበል የምትጠመቁ ብትሆኑም አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የአገር ነገር ያስጨነቀው ጓደኛ ወደ እናንተ በመጣ ጊዜ ለመምከር አትቸኩሉ፥ በቅጽልም አትጥሩት፤ ተቀምጣችሁ እስኪጨርስ ስሙት።