ከሣጥን የወጡ ግለ ታሪኮች

ኢትዮጵያውያን ስለ ራሳቸው ሕይወት መጻፍ አይወዱም የሚለው አባባል በእኛ በምሁራኑ መካከል ሳይመረመር ሲደጋገም ቆይቷል። ምክንያት ተደርጎ የሚቀርበውም የትሕትና ባህላችን ነው፤ ራስን ማወደስ ነውር በሆነበት ኅብረተሰብ «እኔ» ብሎ መጽሐፍ መጀመር ያሳፍራል ይባላል። በገድልም ሆነ በዜና መዋዕል ባለታሪኩ ሌላ፣ ጸሐፊው ሌላ መሆኑ ለዚህ አባባል ድጋፍ የሚሰጥ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት ወዲህ ለኅትመት የበቁትን መጻሕፍት የተመለከተ ሰው ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ ይገነዘባል። አባቶቻችን ጽፈዋል። የጻፉትን ግን ከሣጥን አላወጡትም።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የተሰኘውን መጽሐፋቸውን የመጀመሪያ ክፍል ያዘጋጁት በ1929 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በስደት ሳሉ ነው። በአማርኛ ታትሞ የወጣው ግን በ1965 ዓ.ም.፣ ዙፋናቸው ሊወድቅ ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ሲቀረው ነበር። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያረፉት በ1969 ዓ.ም. ነው፤ «ኦቶባዮግራፊ (የሕይወቴ ታሪክ)» በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የታተመው በ1999 ዓ.ም. ነው። ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ በ1972 ዓ.ም. ዐረፉ፤ «ካየሁት ከማስታውሰው» በ2002 ዓ.ም. ወጣ። ሁለቱም መጻሕፍት አንባቢ ዘንድ ለመድረስ ከደራሲዎቻቸው ሞት በኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል ጠብቀዋል ማለት ነው። የብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ የዘመን ታሪክ ትዝታም እንዲሁ ደራሲው ካለፉ በኋላ በ1999 ዓ.ም. የታተመ ነው።

ይህ መዘግየት ለሚያነብ ሰው ሁለት ነገር ያስከትላል። በአንድ በኩል ጸሐፊው የሚተቻቸው ሰዎች መልስ ሳይሰጡ አልፈዋል፤ ጸሐፊውም ቢሆን «ይህን ከየት አመጣኸው?» ተብሎ አይጠየቅም። በሌላ በኩል ደግሞ ለሣጥን የጻፈ ሰው የሳንሱር ሹም ቀይ እርሳስ አያስፈራውም። ስለዚህ እነዚህን መጻሕፍት አንድ በአንድ አንብቦ ማመን ወይም አለማመን ብዙ አያተርፍም። ጎን ለጎን ተዘርግተው፣ ተመሳሳይ ዓመታትን እንዴት እንደሚተርኩ እየተመሳከረ ቢነበቡ ግን አንዱ የዘለለውን ሌላው ይናገረዋል።

ንባቡን ከርእሶቹ መጀመር ይቻላል። በንጉሠ ነገሥቱ ርእስ ውስጥ ትልቁን ሥራ የምትሠራው «ና» የምትባለዋ አንዲት ፊደል ናት። «ሕይወቴ»ንና «የኢትዮጵያ እርምጃ»ን አንድ ላይ ትገጥማቸዋለች፤ የአንዱ ጉዞ የሌላው ጉዞ እንዲሆን ታደርጋለች። መጽሐፉም ከርእሱ አይወጣም፦ ትምህርት ቤት፣ ማተሚያ ቤት፣ የ1916ቱ የአውሮፓ ጉብኝት፣ የ1923ቱ ሕገ መንግሥት፣ በመጨረሻም ዤኔቭ። በጥንቃቄ የተሰናዳ፣ ለዓለም ሸንጎ የቀረበ የክርክር መዝገብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በስደት ላይ ላለ ንጉሥ ከዚህ ሌላ መጽሐፍ መጻፍ የሚቻል ስለ መሆኑም ያጠራጥራል። «ና» የምትላላበት ቦታ ጥቂት ነው። አንዱ በ1907 ዓ.ም. በሐሮማያ ሐይቅ ላይ በደረሰው የጀልባ አደጋ መምህራቸው አባ ሳሙኤል የሞቱበት ትረካ ነው። በዚያ ገጽ የሚናገረው ወጣት ተፈሪ ነው፤ እርምጃውም ለጊዜው ይቆማል።

ራስ እምሩና መርስዔ ኀዘን «ከ»ን መርጠዋል። «ካየሁት ከማስታውሰው» ማለት ከብዙው ጥቂቱን፣ ዓይኔ ከደረሰበትና አእምሮዬ ከያዘው ብቻ ማለት ነው። መርስዔ ኀዘን «ካየሁትና ከሰማሁት» ሲሉ የሰሙትንም ይጨምራሉ፤ ይሁንና ያዩትና የሰሙት የተለያየ መሆኑን ገና ከሽፋኑ ላይ ያስታውቁናል። በዩኒቨርሲቲ የታሪክ ማስረጃ አመዛዘንን ለማስተማር ስንት ሰዓት እናጠፋለን! ብላታ ይህን በሁለት ቃል ፈጽመውታል።

ተክለ ሐዋርያት ደግሞ የውጭ ቃል አምጥተው ሽፋኑ ላይ ለጠፉት። ለአማርኛ ቲያትር መነሻ የሆነውን «ፋቡላ»ን የጻፉ ሰው ለቃል አልተቸገሩም። የጻፉት ነገር በቤቱ ስም ያልነበረው አዲስ ዓይነት መጽሐፍ መሆኑን ያወቁ ይመስለኛል። ከሁሉ አስቀድሞ ይነበብ የምለውም ይህንኑ ነው። ገና የዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ልጅ ሳሉ የዐድዋን ዘመቻ አይተዋል፤ ከዚያም ሊዮንቲየቭ የተባለው ሩሲያዊ ይዟቸው ሄዶ በሩሲያ የመድፈኛ መኮንንነት ተምረዋል። ተመልሰው ጨርጨርን ገዝተዋል፤ የአስበ ተፈሪን ከተማ አቋቁመዋል፤ ሕገ መንግሥቱን ረቅቀዋል፤ በ1928 ዓ.ም. መባቻ በዤኔቭ ለአገራቸው ተሟግተዋል። ከዚያ በኋላ ዓመታት በማዳጋስካር በስደት አሳለፉ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ሲመለሱ እርሳቸው አልተመለሱም።

እንዲህ ያለ ሕይወት በማንም እጅ ቢጻፍ መነበቡ አይቀርም ነበር። መጽሐፉን የማይረሳ የሚያደርገው ግን የሰውየው ጠባይ ነው። ተክለ ሐዋርያት ቂም አይደብቁም፤ የሚያከብሩትን ሰው እንኳ ሳይተቹ አያልፉም። በእርሳቸው ትረካ መሠረት ምክራቸው ተሰምቶ ቢሆን ኖሮ ኢትዮጵያን ያጋጠማት ችግር ሁሉ በወቅቱ መፍትሔ ያገኝ ነበር። ይህ ጉድለት ነው፤ አንባቢም ሳይስቅ አያልፈውም። ነገር ግን የሚደብቁት ጉድለት አይደለም። ትሑት መስሎ ራሱን ከሚያሞካሽ ጸሐፊ ይልቅ በግልጽ የሚመጻደቅን ጸሐፊ ማረም ይቀላል፤ ምን ያህል መቀነስ እንዳለብን ራሱ ይነግረናልና።

ማመሳከሩ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማየት መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.ን እንውሰድ። ልጅ ኢያሱ የተሻሩበት የመስቀል ዕለት ነው። በንጉሠ ነገሥቱ መጽሐፍ ሥራውን የሠሩት መኳንንቱና ሕዝቡ ናቸው፤ ተፈሪ የተመረጡ እንጂ ያሤሩ አይደሉም። ተክለ ሐዋርያት በነገሩ ውስጥ እጃቸውን ካስገቡት አንዱ ስለ ነበሩ ድግሱ የተሰናዳበትን ጓዳ ያውቁታል። መርስዔ ኀዘን የቤተ ክህነት ትምህርት የጠገቡ ወጣት ሆነው ከሥልጣን ርቀው የተመለከቱትን፣ ከተማው የሰማውንና ያወራውን ይመዘግባሉ። ሦስቱን ከገለጠ በኋላ አንባቢው የቱ እውነት ነው ብሎ ከመፍረዱ በፊት፣ አንድ ቀን ከእልፍኝ፣ ከጓዳና ከአደባባይ ሲታይ ምን ያህል እንደሚለያይ ያያል። ያለፈው መቶ ዓመት የሥልጣን ሽግግሮቻችን ሁሉ እንዲህ የሚያነባቸው ቢያገኙ ምንኛ በጠቀመ!

ወደ ጦርነቱ ስንመጣ ሌላ ገጽታ አለ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባን ለቀው ወደ ጂቡቲ ሲጓዙ ራስ እምሩ እንደራሴ ሆነው በምዕራብ ቀሩ። በሽሬ ግንባር ተዋግተው የተመለሱት ልዑል፣ ከንጉሡ ጋር በሐረር አብረው ያደጉና በአንድ መምህር እግር ሥር የተማሩ ሰው ናቸው። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ አጠገብ በጠላት እጅ ወደቁ፤ ወደ ጣሊያንም ተጋዙ። ከታሰሩባቸው ቦታዎች አንዱ የፖንዛ ደሴት ነው። (በሐምሌ 1935 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ራሱ ከሥልጣን ሲወርድ ወደዚያው ደሴት መወሰዱን ልብ ይሏል፤ ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢፈጥረው አይታመንለትም።) የተተወ ሰው እሮሮ ፈልጎ «ካየሁት ከማስታውሰው»ን የሚከፍት ሰው ብዙ አያገኝም። ድምፁ ዝግ ያለ ነው። ይህ ዝግታ የመኳንንት ጨዋነት ይሁን ወይስ አብሮ አደግን ላለማሳጣት የተደረገ ጥንቃቄ ለመለየት ያስቸግራል፤ ይህ ጸሐፊ ወደ ሁለተኛው ያደላል።

ከራስ እምሩ ጋር የተማረኩት ሐዲስ ዓለማየሁም በጣሊያን ታስረው ከቆዩ በኋላ የተፈቱ ናቸው። በ1985 ዓ.ም. ያሳተሙት «ትዝታ» ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ጥላ ሥር በመውደቁ የሚገባውን ያህል አልተነበበም። ልዑሉ ሠራዊቱን ያዩበት ቦታና ሐዲስ ያዩበት ቦታ አንድ አይደለም። ሁለቱን አከታትሎ ያነበበ ስለዚያ ሽሽት ከአንድ ደርዘን የዘመቻ ታሪክ የበለጠ ያውቃል።

ስለ ደርግ ባለሥልጣናት መጻሕፍት ብዙ መናገር አያስፈልግም። የኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም «ትግላችን» በ2004 ዓ.ም.፣ የሻምበል ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ» በ2006 ዓ.ም. ወጥተዋል። ለታሪክ ተመራማሪ ይጠቅማሉ፤ ይነበቡ። ነገር ግን ርእሶቹ እንደሚያሳዩት «እኔ» «እኛ» ውስጥ ተደብቋል። ሰው በ«እኛ» ሲገድል ገዳዩ አይታወቅም። እነዚህን መጻሕፍት የመከላከያ ማመልከቻ ብሎ መመደብ ይቀላል፤ ግለ ታሪክ ለመባል የሚጎድላቸው ተራኪው ብቻውን የሚቆምበት ገጽ ነው።

ያ ገጽ የሚገኘው በወይዘሮ ሕይወት ተፈራ መጽሐፍ ውስጥ ነው። «ታወር ኢን ዘ ስካይ» በሚል ርእስ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በ2012 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ። የሐረሯ ወጣት ወደ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች፤ ከኢሕአፓ መሪዎች አንዱ የነበረውን ጌታቸው ማሩን ታፈቅራለች፤ በእርሱም በኩል ወደ ትግሉ ትሳባለች። ጌታቸውን የገደለው ግን ደርግ አይደለም፤ የገዛ ድርጅቱ ነው። እርሷ ደግሞ በደርግ እስር ቤት ዓመታት ታሳልፋለች። በአንድ ሕይወት ላይ ሁለት በዳይ ሲኖር አንዱን ለመክሰስ ሌላውን ይቅር ማለት የዘመኑ ልማድ ነበር፤ በስደት ስብሰባዎቻችንም ይህ ልማድ ለዓመታት ሲሠራ አይተናል። ደራሲዋ ሁለቱንም አልማረችም። በአመኔታዋ ዘመን የነበረውን የራሷን ዕውርነትም በኋላ በመጣ ጥበብ አላስዋበችውም፤ ያቺ ወጣት ያመነችውን ልክ እንዳመነችው ትተርከዋለች።

በአማርኛ ያልተጻፈ መሆኑ ያስቆጫል። የሆነ ሆኖ የተክለ ሐዋርያትም የራስ እምሩም መጽሐፍ ያላገኘውን ዕድል አግኝቷል፦ ደራሲዋ በሕይወት ሳሉ፣ የዚያ ዘመን ሰዎችም ገና ሳያልቁ ወጥቷል። ተቃውሞ ያለው ሰው ብዕሩን አንሥቶ፣ በስሙ ፈርሞ፣ የራሱን «እኔ» ይጽፍ ዘንድ ጊዜው አላለፈበትም።